የድሮ ግጥም በሽምብራ ሲቆጠር

አያቴ አልቃሽ ነበረች። ቢቸና አካባቢ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ናት። ማንበብና መጻፍ አትችልም። ግን አንድ ስንኝ ላይ ትንሽ ነገር ከጎደለ ወይም ከተረፈ ወዲያው ይሰማታል። እኔ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። ደብረ ማርቆስ ላይ 9ኛና 10ኛ ክፍል ሳስተምር 17 ዓመት ሆነኝ። ግጥም መቁጠር የተማርኩት ግን ኮሌጅ ውስጥ ሳይሆን ከእሷ ነው።

ኮሌጅ ጨርሼ የመጣሁ ሰሞን ደብተሬ ላይ የገለበጥኩትን አንድ የድሮ ግጥም አነበብኩላት።

«መቅደላ አፋፉ ላይ ጩኸቱ በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም ወንድ አንድ ሰው ሞተ።»

ቡና እየቆላች ነበር። መቁላቱን ገታ አድርጋ «ልጄ፣ እዚያ ጋ እኮ አደናቀፈሽ» አለችኝ። «የት ጋ እማማ?» ስላት መልሳ በዜማ አለችው። እሷ ያለችው «ጩኸት» ነው፣ «ጩኸቱ» አይደለም። አንዲት «ቱ» ናት። ስገለብጥ ነው የጨመርኳት። ወደ ደብተሬ ተመልሼ ብቆጥር እውነትም አንድ ተርፏል።

ከዚያ ወዲህ ለተማሪዎቼም ለራሴም የምጠቀምበት አሠራር ይሄ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት፣ እርሳስ፣ አንድ እፍኝ ሽምብራና ሰፌድ ነው። ሰፌድ ከሌለ ትሪ ይበቃል።

መጀመሪያ በአፍ

ግጥሙን ከመመርመራችሁ በፊት በሉት። ጮክ ብላችሁ፣ ሦስት አራት ጊዜ። ትርጉሙን ለጊዜው ተዉት። የድሮ ግጥም ለወረቀት አልተሠራም። ለለቅሶ፣ ለፉከራ፣ ለሠርግ፣ ለእርሻ ነው የተሠራው። ዓይን ፊደል ያያል፣ ግጥሙ ያለው ግን አፍ ውስጥ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ዝም ብሎ በዓይኑ ይቆጥርና «ይሄ ግጥም ምጣኔ (እኩል የሆነ የድምፅ ልክ) የለውም» ይለኛል።

ግጥሙን የሚያውቅ ትልቅ ሰው በአቅራቢያችሁ ካለ በጣም ጥሩ። ድምፁን በስልክ ቅዱት። ግን «ግጥሙን ይንገሩኝ» አትበሉ። እንደዚያ ካላችሁ እንደ ወሬ ይነግሯችኋል። «እስቲ ያንጎራጉሩልኝ» በሏቸው። ያኔ የሚውጡትን ይውጣሉ፣ የሚጎትቱትን ይጎትታሉ፤ የምትፈልጉትም እሱን ነው።

ቀጥሎ ማረፊያውን ፈልጉ። እያንዳንዱ ስንኝ መሃል ላይ ትንሽ ትንፋሽ አለች። እዚያ ላይ እዝባር አድርጉ። በእዝባሩ ግራና ቀኝ ያለው እያንዳንዱ ክፍል ሐረግ ይባላል። ሁለት ሐረግ አንድ ስንኝ ይሆናል።

መቅደላ አፋፉ ላይ / ጩኸት በረከተ፣
የሴቱን አናውቅም / ወንድ አንድ ሰው ሞተ።

ይህ የሕዝብ ግጥም ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሞት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ አምባ ላይ ሲወጣ ንጉሡ እጄን አልሰጥም ብለው በሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሽጉጡ ደግሞ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ይህን ለጊዜው በልባችሁ ያዙት። ቆጠራው ላይ ስንደርስ ይመጣል።

ቀለም

መጀመሪያ ፊደሉን ብቻ እንቁጠር። የመጀመሪያው ሐረግ 9 ፊደል ነው። ሁለተኛው 7፣ ሦስተኛው 9፣ አራተኛው 10። ምንም እኩልነት የለም። እዚህ ጋ ነው ተስፋ የሚቆረጠው።

የሚቆጠረው ግን ፊደል ሳይሆን ቀለም ነው። ቀለም ማለት አፋችሁ አንድ ጊዜ ሲከፈት የሚወጣው ድምፅ ነው። እጃችሁን አገጫችሁ ሥር አድርጉና «በረከተ» በሉ። አገጫችሁ አራት ጊዜ ይወርዳል። አራት ሽምብራ ሰፌዱ ላይ ጣሉ።

ከሳድስ (እንደ ቅ፣ ል ካለው ስድስተኛ ፊደል) በቀር ሁሉም ፊደል አናባቢውን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ለብቻው እስከቆመ ድረስ አንድ ሽምብራ ነው። ጣጣው ያለው ሳድስ ላይ ነው። ሳድስ አንዳንዴ ይናገራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። «መቅደላ» ውስጥ ቅ ዝም ብላ «መ»ን ትዘጋለች። «መቅ» አንድ ሽምብራ ነው። «አናውቅም» መጨረሻ ላይ ያለችው ቅ ግን ትናገራለች። «ቅም» ራሱን የቻለ አንድ ሽምብራ ነው። ፊደሏ አንድ ናት፣ ሥራዋ ሁለት።

ታዲያ መቼ ነው የምትናገረው? ሕግ ከመሸምደድ ይልቅ አንድ ጥንድ ቃል ይዤ ባሳያችሁ ይሻላል። «ይመስላል» እና «ይፈልጋል»። ሁለቱም 5 ፊደል ናቸው። ሁለቱም መሃላቸው ላይ ሳድስ አለ። በሉና ቁጠሩ። ይ-መስ-ላል፣ ሦስት። ይ-ፈል-ል-ጋል፣ አራት። ለምን? የ«ይፈልጋል» ል ትጠብቃለች፣ ማለትም ተደርባ ትባላለች። ስትጠብቅ ግማሿ «ፈ»ን ይዘጋል፣ ግማሿ ደግሞ የራሷን ድምፅ ታወጣለች። የ«ይመስላል» ስ ላልታ ስለሆነች አንድ ቦታ ትቀመጣለች። መጥበቅና መላላት በጽሑፋችን አይታይም። ስለዚህ ነው ከወረቀት ላይ የሚቆጥር ሰው የሚሳሳተው። የማታውቁት የቆየ ቃል ሲገጥማችሁ መጥበቁን ሳታጣሩ አትቁጠሩ።

ው እና ይም እንደዚሁ ናቸው። «ሰው» ስትሉ ው ትዘጋለች፣ ቃሉ አንድ ሽምብራ ነው። «ነውር» ስትሉ ግን ው ርን ይዛ ትነሳለች። ነ-ውር፣ ሁለት።

ሌላው ነገር መዋጥ ነው። አንዱ ቃል በአናባቢ ጨርሶ ቀጣዩ በ«አ» ሲጀምር አፋችን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። «መቅደላ አፋፉ» በጽሑፍ ሁለት ቃል ነው፣ በአፍ «መቅደላፋፉ» ነው። ቀዳሚው ቃል በሳድስ ካለቀም ሳድሷ የቀጣዩን «አ» ትወስዳለች። «ወንድ አንድ» በአፍ «ወንዳንድ» ይሆናል።

አሁን ሁሉንም ዘርጉት።

መቅ-ደ-ላ-ፋ-ፉ-ላይ / ጩ-ኸት-በ-ረክ-ከ-ተ
የ-ሴ-ቱን-አን-ናው-ቅም / ወን-ዳን-ድ-ሰው-ሞ-ተ

6፣ 6፣ 6፣ 6። ክፍል ውስጥ ተማሪዎች ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰፌድ ላይ ሲያዩት ዝም ይላሉ። 9፣ 7፣ 9፣ 10 የነበረው ተስተካክሎ አራት መደዳ ስድስት ሽምብራ ይሆናል። እኔ እስካሁን ደስ ይለኛል።

የመጨረሻውን ሐረግ ግን ዝም ብላችሁ አትለፉት። «ወንድ አንድ ሰው ሞተ»ን እንደ ተራ ወሬ ፈጠን ብላችሁ ብትሉት አምስት ልታደርጉት ትችላላችሁ። የ«አንድ» ድ ትዋጣለች። ስድስት እንዲሆን ድ መናገር አለባት። «ወንዳንድ… ሰው… ሞተ»። ምጣኔው አፋችሁን «አንድ» ላይ ያቆመዋል። ግጥሙ የሚለውም ይህንኑ ነው። መቅደላ ላይ ብዙ ሰው ሞቷል። ወንድ ተብሎ የሚቆጠረው ግን አንድ ነው። ያንን ቃል ገጣሚው በቆጠራው አስረዘመው። አያቴ ስታወርደው እዚያ ጋ ስትደርስ አንገቷን ታዘነብል ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሽምብራውን ከደረደርኩ በኋላ ነው።

የልኩ ስም

አንዴ ከቆጠራችሁ ስሙን ማወቅ ቀላል ነው። ሐረጉ 6 ቀለም፣ ስንኙ 12 ቀለም ከሆነ የወል ቤት ይባላል። ብዙው የድሮ ግጥማችን እዚህ ውስጥ ይገባል። 5 በ5 ከሆነ ሰንጎ መገን ነው። 4 በ4 ከሆነ ቡሄ በሉ ይባላል፤ ስሙ ራሱ ልኩን ይናገራል፣ ቡ-ሄ-በ-ሉ። በ8 ቀለም ሐረግ የሚሄደው ደግሞ በባለቅኔው በፀጋዬ ገብረ መድኅን ስም ፀጋዬ ቤት ተብሏል። የድሮ ግጥም ላይ ስትሠሩ ከሁሉም በላይ የሚያጋጥሟችሁ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው።

ሰንጎ መገንን ለማየት እዚያው መቅደላ እንቆይ። ስለዚያው ሞት የተባለ ሌላ ግጥም አለ።

አያችሁት ብያ / የአንበሳውን ሞት፣
በሰው እጅ መሞት / ነውር ነው ብሎት።

አ-ያች-ሁት-ብይ-ያ፣ 5። ያን-በ-ሳ-ውን-ሞት፣ 5፤ «የአ» ተውጦ «ያ» ሆኗል። በ-ሰው-እጅ-መ-ሞት፣ 5። ነ-ውር-ነው-ብ-ሎት፣ 5።

ሁለቱን ግጥሞች ተራ በተራ በሏቸው። ሟቹ አንድ ነው፣ ስሜቱ ግን ሌላ ነው። የወል ቤቱ ሰፊ ነው፣ ይጎተታል፣ ለለቅሶ ይመቻል። ሰንጎ መገኑ አንድ ቀለም ስለጎደለው ይቸኩላል። ሳይጠገብ ያልቃል። እኔ ስሰማው ልቅሶ ሳይሆን ኩራት ነው የሚሰማኝ፣ ፉከራ ላይ ያለ ሰው ይመስለኛል። ልኩን ከቆጠራችሁ በኋላ ስሙን ጽፋችሁ አትተዉት። «ለዚህ ነገር ለምን ይሄ ልክ ተመረጠ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን አንድ ከበድ ያለ ልስጣችሁ። ከአድዋ ነው፣ 1888 ዓ.ም.። ፊታውራሪ ገበየሁ ጦር ሜዳ ላይ ወደቁ፣ መድፉን ባልቻ አባ ነፍሶ ያዙት።

ገበየሁ ቢሞት / ተተካ ባልቻ፣
መድፍ አገላባጭ / ብቻ ለብቻ።

ከኋላ እንነሳ። ብች-ቻ-ለ-ብች-ቻ፣ 5። መድ-ፋ-ገ-ላ-ባጭ፣ 5፤ ፍ የ«አ»ን ድምፅ ወስዳለች። ተ-ተክ-ካ-ባል-ቻ፣ 5። የመጀመሪያው ሐረግ ግን እንደተጻፈ ከተቆጠረ ገ-በይ-የ-ሁ-ቢ-ሞት፣ 6 ይመጣል። ታዲያ ግጥሙ ተሳስቷል? አልተሳሳተም። ጥያቄው ሰው ሲጣራ «ሁ»ን ምን ያህል ያወጣታል ነው። በፍጥነት ሲባል ትሳሳለች፣ «ገበየው» ወደ ማለት ትጠጋለች። ገ-በይ-የው-ቢ-ሞት፣ 5። ሦስቱ ሐረጎች 5 ሆነው አንዱ ብቻ 6 ሲመጣ ጥፋቱን መጀመሪያ የራሳችሁ አነባበብ ላይ ፈልጉ። ግጥሙን ለማረም አትቸኩሉ።

ቤት

ቤት ማለት ስንኞቹ የሚገጥሙበት መጨረሻ ነው። «ቤት መታ» የምንለው የመጨረሻው ፊደል ከነድምፁ ሲገጥም ነው። በረከተ እና ሞተ በ«ተ» ይመታሉ። ባልቻ እና ብቻ በ«ቻ»። መጨረሻው ሳድስ ከሆነ ግን ፊደሉ ብቻ አይበቃም። ከፊቱ ያለው አናባቢም መግጠም አለበት። ሞት እና ብሎት ጥሩ ናቸው፣ ሁለቱም «ኦት» ይላሉ። ሞት እና ቤት ቢሆን ኖሮ ጆሮ አይጠግብም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወይም ሰ እና ሠ በአማርኛ አንድ ድምፅ ስለሆኑ ለቤት እንደ አንድ ቁጠሯቸው።

እዚህ ድረስ ማንም ያየዋል። ከዚህ በኋላ ያለውን ነው ተማሪዎቼ እንዲለምዱት የምታገለው። የገጠመው ፊደል ከቃሉ ሥር ነው ወይስ ከጭራው? «መጣች» ከ«በላች»፣ «ሄደች» ከ«ሞተች» በ«ች» ይገጥማሉ። ግን ች የሥሩ አይደለችም፣ የሴት አንቀጽ ምልክት ናት። እንደዚህ ቤት መምታት ማንም ይችላል። «በረከተ» እና «ሞተ» ውስጥ ግን ተ የሁለቱም ቃል ሥር ናት። ሊተካት የሚችል ሌላ ቃል ፈልጉና አስቸጋሪነቱን ታዩታላችሁ። «ሞት» እና «ብሎት» ላይ አንዱ ከሥር ነው፣ አንዱ ከጭራ። ይህን ከእያንዳንዱ ቤት አጠገብ «ሥ» ወይም «ጭ» ብላችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ረጅም ግጥም ላይ ስትሠሩ ገጣሚው የት ጋ እንደደከመው ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የቃሉን ቦታም እዩ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የመቅደላው ግጥም ይህንን ጠብቋል፣ በረከተ፣ ሞተ። የአድዋው ግን «ባልቻ ተተካ» ማለት ሲገባው «ተተካ ባልቻ» ብሏል። ቃሉ የተገለበጠው ስሙ ቤት እንዲሆን ነው። «ባልቻ» መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ «ብቻ ለብቻ» ይከተላል፣ የግጥሙ ወርቅ ደግሞ እዚያ ነው ያለው። መድፍ ብዙ ሰው ተጋግዞ የሚያነሳው ነገር ነው። ሰውየው ለብቻው አገላበጠው። የሥርዓት መገልበጥ ባያችሁ ቁጥር ከጀርባው ቤት አለ ወይ ብላችሁ ፈልጉ።

ቅርጽ

የድሮ የቃል ግጥም ብዙ ጊዜ ሁለት ስንኝ ነው። ስለዚህ ቅርጹ ላይ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ምን ይሠራል? አንዳንዱ ለቤት ማዘጋጃ ብቻ ነው፣ በተለይ የፍቅር እንጉርጉሮ ላይ። ስለ ወንዝ ወይም ስለ ዛፍ ያወራና ሁለተኛው ላይ ነገሩን ያመጣል። የመቅደላው እንደዚያ አይደለም። የመጀመሪያው ስንኝ ድምፅ ያሰማናል፣ ከሩቅ። ማን እንደሞተ አይነግረንም። ሁለተኛውም ወዲያው አይነግረንም፣ «የሴቱን አናውቅም» ብሎ ያዘገየናል። ስም ሳይጠራ ያልቃል። ልቅሶ ቤት ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ስም መጥራት አያስፈልግም ነበር።

ግጥሙ በግዕዝ ከሆነ ይህ ሁሉ አሠራር ይለወጣል። ቅኔ የራሱ ቤትና ዜማ አለው። ከቅኔ ዓይነቶቹ ጉባኤ ቃና 2 ቤት ነው (እዚያ ቤት ማለት ስንኝ ነው)፣ ዘአምላኪየ 3፣ መወድስ 8። እሱን በሽምብራ አትሞክሩት። ዋሸራ ወይም ጎንጅ የተማረ የቅኔ መምህር ፈልጋችሁ እግራቸው ሥር ተቀመጡ።

ሲጎድል ወይም ሲተርፍ

ሦስት ሐረግ ገጥሞ አንዱ አልገጥም ካለ እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው። መጀመሪያ «አ» ያለበትን ቦታ ሁሉ አያለሁ፣ የተዋጠ ሊኖር ይችላል። ቀጥሎ ሳድሶቹን። ከዚያ የሚጠብቀውን ቃል። እነዚህ ሁሉ ካልፈቱት ነው ገልባጩን የምጠረጥረው። ገልባጭ ብዙ ጊዜ የሚጨምረው ትንንሽ ነገር ነው። «ቱ»፣ «ን»፣ «ም»፣ ሰዋስው የሚያስተካክል የመሰለው ነገር። የእኔ «ጩኸቱ» እንደዚያ ነበረች። ጩ-ኸ-ቱ-በ-ረክ-ከ-ተ፣ 7።

አንዳንዴ ሁለት አባባል ሁለቱም ይገጥማል። የመቅደላውን ግጥም «አፋፍ ላይ» የሚለው ሰው አለ፣ «አፋፉ ላይ» የሚለውም አለ። «አፋፉ» ካልን «አ» ትዋጣለች፣ መቅ-ደ-ላ-ፋ-ፉ-ላይ፣ 6። «አፋፍ» ካልን «አ» ሳትዋጥ ጎላ ብላ መባል አለባት፣ መቅ-ደ-ላ-አ-ፋፍ-ላይ፣ 6። ሽምብራው ለሁለቱም ይፈርዳል። እንደዚህ ሲሆን ሁለቱንም ጻፉ፣ አንዱን አትሰርዙ። ምርጫ ካላችሁ ግን በዜማ አስብሉት። ዜማው «አ»ን የሚይዝበት ቦታ ካለው «አፋፍ» ይሄዳል። ከሌለው «አፋፉ» ነው።

አያቴ ካረፈች ቆይታለች። ባለፈው ፋሲካ ቢቸና ላለችው አክስቴ ደወልኩላት፣ እሷም አልቃሽ ናት። ግጥሙን እኔ አላነሳሁላትም፣ «የመቅደላውን እንዴት ነበር እማማ የምትለው?» ብቻ አልኳት። ትንሽ ዝም አለች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ ከዚያ አወረደችው። «መቅደላፋፉ ላይ»፣ አንድ ትንፋሽ፣ መሃሉ ላይ ምንም ክፍተት የለም። ደብተሬ ላይ «አፋፉ» ከሚለው ጎን በእርሳስ «እማማ» ብዬ ጻፍኩበት።